«ስሜት አልባ» ወይስ «ስሜቱን መለየት የሚቸግረው»?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። አሌክሲታይሚያ (የራስን ስሜት ለይቶ የመሰየም ችግር) ያለባቸው ሰዎች የሌላውን ፊት ሲያዩ አንጎላቸው ምን እንደሚሠራ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «ስሜት አልባ ሰዎች» ብዬ ጻፍኩ። ኮምቦልቻ የሚያስተምር ባልደረባዬ «ይህ ስድብ ነው» አለኝ። ማናችን ትክክል ነን? «ፊት ማንበብ» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። «አልባ» የተከተለውን ነገር ጨርሶ ይክዳል፤ «ወላጅ አልባ» ስንል ወላጅ የሌለው ማለታችን ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ይከፋቸዋል፣ ይጨንቃቸዋል፣ ይፈራሉ። የሚቸግራቸው የተሰማቸውን ለይተው መሰየሙ ነው። ሐኪሙ ፒተር ሲፍኒዮስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስያሜውን ከግሪክኛ ሲያወጡ ያሰቡትም ለስሜት ቃል ማጣትን ነው።

አማርኛችን ደግሞ ስሜትን ሆድና አንጀት ውስጥ ያኖራል። ልጇ ጅዳ የሄደችባት የወሎ እናት «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ብትል ጎረቤት አብሯት ይቀመጣል፤ «ሆዴን አመመኝ» ብትል ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። አሌክሲታይሚያ ያለበት ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውነቱን ምልክት ከስሜቱ መለየት ያዳግተዋል።

ወደ ሰው ፊት ጉዳይ ልመለስ። «ፊት አይለዩም» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ያ ሌላ ችግር ነው። እነዚህ ሰዎች ፊቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሚያዳግታቸው ፊቱ የያዘው ስሜት ነው። በርካታ የአንጎል ምስል ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የተቆጣ ወይም ያዘነ ፊት ሲያዩ አሚግዳላ የተባለው፣ የገጠመንን ነገር አስጊነት ፈጥኖ የሚመዝነው ክፍል፣ የሚሰጠው ምላሽ ከሌላው ሰው ይደክማል። የራስን ሰውነት ሁኔታ የሚከታተለው ኢንሱላም ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ስለዚህ ግሡ «ደከመ» ይሁን እንጂ «ጠፋ» አይሁን። በሽታም አይበሉት፤ መጠኑ ከሰው ሰው የሚለያይ ጠባይ ነው። ከ«አለመቻል» ይልቅ «መቸገር»ን አጥብቄ የምመርጠውም ለዚህ ነው።

«ፊት ማንበብ» ያስኬዳል። «ፊት ማየት» ግን ማዳላት ይሆንብዎታል፤ ዳኛ «ፊት አይቶ ፈረደ» ሲባል እንደምንሰማው። በማስታወሻዎ «ስሜትን መለየትና መግለጽ የሚቸግራቸው ሰዎች» ይበሉ። ለርዕስ ከረዘመብዎ «አሌክሲታይሚያ»ን እንዳለ ይተዉትና ፍቺውን ከሥሩ ይጻፉ።