ንጥረ ነገሬ አንጎል ይገባል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ለማስተርስሽ ከተክል ያወጣሽው ንጥረ ነገር ከደም ወደ አንጎል ይሻገር እንደሆነ ለማየት የትኛው የላብራቶሪ ሞዴል ይሻላል ብለሻል። እኔ ይህን ሥራ ዓመታት ስለሠራሁበት የገጠመኝን ልንገርሽ።

የጀመርኩት ኤችሲሜክ ዲ-ስሪ በሚባለው የሰው አንጎል የደም ሥር ሴል ነበር። ለማሳደግ አያስቸግርም። ችግሩ ሴሎቹ ተያይዘው የሚሠሩት ሽፋን ልል ነው። ቲር የምንለው፣ የሽፋኑን ጥብቀት የሚያሳየው የኤሌክትሪክ መከላከያው ብዙ ጊዜ ከ50 ኦም ስኩዌር ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ በሕያው እንስሳ አንጎል ግን ከ1,000 በላይ ተለክቷል። የሞከርኩት መድኃኒት የመጀመሪያ ውጤት "በደንብ ይሻገራል" የሚል ነበር። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ አሳየኋት። "ሉሲፈር የሎውስ?" አለችኝ። ይህ ቀለም ደህና ሽፋንን ማለፍ የለበትም። ጨምሬው ስደግም ቀለሙም ከመድኃኒቱ እኩል አለፈ። ለካ ሽፋኑ ያፈስ ነበር። የሦስት ወር ልፋቴ ገደል ገባ። ስለዚህ ቀለሙን በእያንዳንዱ ኢንሰርት (ሴሉ የሚያድግበት፣ ከታች ቀዳዳማ ሽፋን ያለው ትንሽ ኩባያ) ላይ ጨምሪ። ቲርንም ሁልጊዜ በአንድ ሙቀት ለኪ፤ ሳህኑ ከኢንኩቤተር ወጥቶ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቁጥሩ ይጨምራልና ያሳስትሻል።

አንቺ በፓምፓ ጀምሪ። ሴል የለውም፤ ከአሳማ አንጎል የተወሰደ ቅባት የተቀባ ሽፋን ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን በራሱ ሰርጎ የሚያልፈውን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሎፐራማይድን ውሰጂ፣ የተቅማጡን መድኃኒት። ኦፒዮይድ ነው፣ ቅባት ይወዳል፣ ሽፋን ሰርጎ ያልፋል። ሆኖም በተለመደው መጠን አንጎል ላይ አይሠራም፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባለው ፓምፕ ወደ ደም ይመልሰዋል።

የዚህ ፓምፕ ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ የአምስተርዳም ጥናት የፓምፑ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ላይ ለቅንቅን ተብሎ አይቨርሜክቲን ተረጨ። አብዛኞቹ ሞቱ። አንጎላቸው ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከጤነኞቹ ከ80 እጥፍ በላይ ነበር። ይህ እኛ አገር ለኦንኮሰርሲያሲስ (ዓይን ለሚያሳውረው የጥገኛ ትል በሽታ) በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት ነው። ፓምፑ ስላለን ነው በደህና የምንውጠው።

ስለዚህ ቀጥለሽ የሰው ፓምፕ ጂን የተጨመረበትን ኤምዲሲኬ ሴል ተጠቀሚ። ከውሻ ኩላሊት የመጣ ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ ይበቃሻል። በሁለቱም አቅጣጫ ለኪ። የመመለሻው ፍጥነት ከመግቢያው 2 እጥፍና በላይ ከሆነ ፓምፑን ጠርጥሪ፤ ከዚያ የፓምፑን ማገጃ ጨምረሽ ድገሚው።

ከሰው ስቴም ሴል የአንጎል ደም ሥር ሴል አሳድገው የሚሠሩትን ሞዴል ለአሁኑ ተዪው፤ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ከላይ፣ ከታችና ከሴሉ ውስጥ ያገኘሽውን ደግሞ ደምሪ። ድምሩ ከጨመርሽው በብዙ ካነሰ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ የተክል ቅባታም ንጥረ ነገሮች ይህን ያበዛሉ። ከሁሉ በፊት ሴሉን የማይጎዳውን መጠን በኤምቲቲ (ሴሉ በሕይወት መኖሩን በሚለካ የቀለም ምርመራ) ለዪ። የኤምቲቲ ውጤትሽን እዚሁ ከለጠፍሽው በምን መጠን እንደምትጀምሪ አብረን እናያለን።