አቧራ ያፈነው ሞተር

ጥያቄ፦ በአዳማ ዙሪያ በአቧራማ የእርሻ መንገድ የምነዳት ባለአራት ጎማ ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ጥቁር ጭስም ትተፋለች። አዲስ ካንዴላ (እሳት የሚጭረውን) ባስገባም በሳምንቱ ጠቆረ። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል) ያላት ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካንዴላው ጥፋት የለበትም። የአየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) በአቧራ ሲታፈን አየር ያንሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁሩ ጥላሸት የዚያ ነው።

የፊልትሮ ሳጥኑን (ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ነው) ይክፈቱና የአየር መግቢያውን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት። ይጭመቁት እንጂ አይጠምዝዙት፤ ይቀደዳል። በቤንዚንም አይጠቡት፤ ማጣበቂያውን ይበላዋል፣ ለእሳትም ያጋልጣል። ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ።

ብዙዎች የሚዘሉት ቀጥሎ ያለውን ነው። የፊልትሮ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገው እያሹ ያዳርሱት፣ ትርፉን ጨምቀው ያውጡ፤ ከተንጠባጠበ በዝቷል። ዘይት ያልነካው ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል፤ አቧራው ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ያኔ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወጪውም ሌላ ነው። ሲገጥሙት ጠርዙን ስስ ግሪስ ይቀቡት፤ ጨርቁን ማውጣት እንዳይረሱ።

የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቁሩ ጭስ ከቀጠለ ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንሰው) ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይዩ።