ዲሴምበር ላይ አትወስኑ

ልጆቼ፣ በዚህ ሰሞን በጨለማ ሥራ ገብታችሁ በጨለማ የምትወጡ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው።

የመጀመሪያውን የሰሜን ክረምቴን ያሳለፍኩት ስዊድን፣ ስቶክሆልም ነው። ጀማሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ስለ ብርዱ ያልነገረኝ ሰው የለም፤ ወፍራም ካፖርት ገዝቼ ጠበቅኩት። ጨለማውን ግን ማንም አላነሳልኝም። ዲሴምበር ላይ እዚያ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እኩለ ቀን ላይ እንኳን ከአድማስ ከፍ የምትለው 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ሕንፃ ከጋረዳት አለቀ።

ከፈረንጆች ገና በፊት ያሉት ሳምንታት ደግሞ ይብሳሉ። ባልደረቦቼ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤተሰባቸው ሲሄዱ ቢሮው ጭር አለ። እንቅልፍ አልጠግብም፣ ስልክ ቢጠራ አላነሳም። ሰነፍኩ ብዬ ራሴን እወቅሳለሁ። አንድ ማታ «ይህ ሙያ ለእኔ አይሆንም» ብዬ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለማስገባትም አቅም አጥቼ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ማርች ላይ፣ ቀኑ ከሌሊቱ ሲስተካከል፣ አውጥቼ አነበብኩት። እጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ሰውየውን ግን አላወቅኩትም።

ነገሩ ስም እንዳለው የሰማሁት ኋላ ነው። ኖርማን ሮዘንታል የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆች 1984 «ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ድብርት» ብለው ገልጸውታል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ውጡ፤ ደመና ቢሆንም ውጡ። ጠዋት ጠዋት 30 ደቂቃ ያህል የሚሞቁት ባለ 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) መብራትም አለ፤ የዓይን ሕመም ያለበት መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ። ድብርቱ 2 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ጋ ሂዱ። መኖር ካስጠላችሁ ግን አንድ ቀን አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ለሰው ተናገሩ። እለምናችኋለሁ።

ትምህርት ማቋረጥ፣ ሥራ መልቀቅ፣ ከእጮኛ መለያየት ካሰባችሁ ጻፉት፤ ቀኑን አስፍሩበትና አስቀምጡት። ማርችም ላይ ሐሳባችሁ ያው ከሆነ አልከለክላችሁም።

ቤተሰብ ሲደውል «ደህና ነኝ» ብላችሁ ቶሎ አትዝጉ። ከበዓሉ ዋዜማ ማታ ደግሞ ኮሪደሩን ተመልከቱ። ከአንዱ በር ሥር መብራት ይታያል፤ እሱም የሚሄድበት የለውም። አንኳኩ።