የቄስ ጋርኔትን ፎቶግራፍ ለምታዩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በፎቶግራፍ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና፣ የቆየ ምስል እጃችሁ ሲገባ ፊቱን ብቻ አይታችሁ እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። ለዚህ የምመርጥላችሁ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ የተቀመጠውን፣ ጄምስ ስቴድ እ.ኤ.አ. በ1881 ገደማ ያነሣውን የጥቁር አሜሪካዊውን የፀረ-ባርነት ታጋይ የቄስ ሄንሪ ሃይላንድ ጋርኔትን ፎቶግራፍ ነው።

አስቀድማችሁ ወረቀቱን መርምሩ። በእንቁላል ነጭ ተቀብቶ፣ በብር ጨው ርሶ፣ ብርሃንና ጥላው ተገላብጦ ከሚታይበት ከኔጋቲቩ ጋር ገጥሞ በብርሃን የታተመ ነው። እንዲህ ያለው ስስ ወረቀት ስለሚጠቀለል ካርቶን ላይ ይለጠፍ ነበር፤ የአንሺው ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘውም እዚያው ካርቶን ላይ ነው። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ፣ ለፍሬም እንዲመቹ ተብሎ የድሮ ፎቶግራፎች ካርቶን በመቀስ ሲከረከም ደረስኩ። ቁርጥራጮቹን ከቅርጫት ለቀምኳቸው፤ የትኛው ከየትኛው እንደተቆረጠ ግን ሁሉንም መለየት አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ዓመቱን ከሰውየው ዕድሜ ጋር አስተያዩ። ጋርኔት በ1815 ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልደው በ1824 ከቤተሰባቸው ጋር ያመለጡ ናቸው፤ ፎቶግራፉ ሲነሣ 65 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ምስሉ የማይነግራችሁ ብዙ ነው። በ1835 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ተቃዋሚዎች ሕንጻውን በበሬ ጎትተው ከቦታው ነቀሉት። የታመመ አንድ እግራቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቆረጠ። በ1843፣ ገና በ27 ዓመታቸው፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቡፋሎ ከተማ በተደረገው የጥቁር አሜሪካውያን ጉባኤ ላይ ቆመው ባሪያዎቹ ራሳቸው እንዲነሡ ጠሩ፤ ሌላው የታወቀ ጥቁር የፀረ-ባርነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ ተቃወማቸው፣ ጉባኤውም ጥሪውን ሳያጸድቀው ቀረ። እኔ ከሕይወታቸው ሁሉ ይህን ሰዓት አስበልጣለሁ፤ በገዛ ወገናቸው ፊት ተቃውሞን ችለው የቆሙበት ነውና። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1865 ደግሞ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ በመስበክ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ።

ስለዚህ ከምስሉ ሥር መግለጫ ስትጽፉ «አረጋዊ ቄስ» ብላችሁ አትተዉት፤ የቡፋሎውን ወጣት ከነዓመቱ አስገቡት። ፎቶግራፉ የተነሣበት ጊዜ ለሞታቸው ያለውንም ቅርበት አትርሱ፤ ጋርኔት የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ወደ ላይቤሪያ ተሻግረው፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1882 በሞንሮቪያ ዐርፈዋል።