ከአካፋው በፊት ቢሮው፦ ስለ ገበሬዎች የመንግሥት ድጋፍ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ አዎ፣ እውነት ነው። እናንተን የመሰለ አዲስ ሰውም ያገኛል።

ጥያቄሽን ለሌሎችም ልድገመው። ከባለቤትሽ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ስምንት ኤከር መሬት ልትከራዩ ነው። ጎመንና ቃሪያ መትከል፣ ጥቂት ፍየሎች ማርባት አስባችኋል። «መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ ይሰጣል ሲባል እንሰማለን። ለእኛም ይደርሰናል ወይ? ከየት እንጀምር?» ብለሻል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በስድስት ኤከር የኪራይ መሬት ላይ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያገኘሁት ድጋፍ አለ። ያመለጠኝም አለ። ያመለጠኝ ግን መስፈርቱን ሳላሟላ ቀርቼ አይደለም። አንዴ ቅደም ተከተሉን ስላላወቅኩ፣ አንዴ ደግሞ ቀኑ ስላለፈብኝ ነው። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

መነሻው የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት፣ ዩ ኤስ ዲ ኤ፣ በየአካባቢው ያለው ሰርቪስ ሴንተር ነው። የምትሄጂው መሬቱ ያለበትን ካውንቲ ወደሚያገለግለው ነው፤ ቤታችሁ ወዳለበት አይደለም። እዚያ ሁለት ቢሮ ታገኛለሽ። አንደኛው ኤፍ ኤስ ኤ ነው። ብድሩና የአደጋ ካሳው እሱ ዘንድ ነው። ሁለተኛው ኤን አር ሲ ኤስ ነው። አፈርና ውሃን ለመጠበቅ የሚሠራ ሥራን እሱ ይደግፋል። ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። «ፋርም ነምበር ማውጣት እፈልጋለሁ» በያቸው፤ መሬቱ ቢሮው ዘንድ የሚመዘገብበት ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከሌለሽ ሌላው ሁሉ አይጀመርም። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ መሬቱን የያዛችሁበትን ወረቀት ይጠይቁሻል። ድርጅት ከከፈታችሁ የድርጅቱን የታክስ ቁጥርም ይዘሽ ሂጂ። ክፍያ የለውም። አስተርጓሚ ከፈለግሽም ቀድመሽ ጠይቂ። ብድሩ ለዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ሰው ስለሆነ፣ ማመልከቻው በማን ስም እንደሚገባ ከባለቤትሽ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ፎርሙን እሞላላችኋለሁ፣ ብር አስወጣላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ ግን በሩን ዝጉበት። ፎርሙን አብረው የሚሞሉላችሁ እዚያው ቢሮ ያሉት ሰዎች ናቸው።

ስለ ወረቀቱ ልጨምር። እኛ በቃል መተማመን እንወዳለን። እኔም መሬቱን የያዝኩት ከአንድ ሽማግሌ ጋር በረንዳቸው ላይ ቡና ጠጥተን፣ ተጨባብጠን ነበር። ቢሮው ግን ያን አይቀበልም። በኋላ አንድ ገጽ ውል ጻፍን። የመሬቱ አድራሻ፣ ስፋቱ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ከታች ሁለት ፊርማ። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡበት፦ ባለቤቱ በመሬቱ ላይ ቤት መሰል ነገር መትከልና የውሃ መስመር መዘርጋት መፍቀዱን። ውሉም ከአምስት ዓመት ባያንስ ጥሩ ነው። ምክንያቱ ቀጥሎ ይገባሻል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ የተቀበለኝ ሰው «ስድስት ኤከር? ያንተ ትንሽ ናት፤ ፕሮግራሞቹ ለአንተ አይሆኑም» ብሎኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ዓመት ሙሉ አልተመለስኩም። ያ ዓመት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም የተባልኩት ትክክል አልነበረም። ትንሽ መሬት በራሱ አያስከለክልም። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ጎረቤቴ የሆነ ገበሬ የመከረኝን አደረግሁ። ስጨርስ «የዛሬው አገልግሎት ደረሰኝ ስጡኝ» አልኳቸው። ምን ጠይቀሽ እንደነበር፣ ምን እንደመለሱልሽ፣ ቀኑ ተጽፎ የሚሰጥ ወረቀት ነው። መብትሽ ነው፣ አትፈሪ። ማመልከቻሽ ውድቅ ከሆነም በጽሑፍ እንዲሰጡሽ አድርጊ። ደብዳቤው ከደረሰሽ በኋላ ይግባኝ ለማለት 30 ቀን አለሽ።

አሁን ለእናንተ በጣም ይጠቅማል ወደምለው ልምጣ። ጎመን የምትተክሉት ለሐበሻ ገበያ ከሆነ ትልቁ ፈላጊ የሚመጣው መቼ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ በሁዳዴ ነው። ሁዳዴ ደግሞ የሚውለው ውጭው ገና ብርድ በሆነበት ጊዜ ነው። በየካቲት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ምግብ ቤቶች በየቀኑ የጾም በያይነቱ ይሠራሉ፤ የእኛ ማሳ ግን ውርጭ መትቶት ተኝቷል። መፍትሔው ሃይ ተነል የሚሉት ነው። የብረት ቅስት ላይ ፕላስቲክ የተወጠረበት ረጅም ቤት ነው። ማሞቂያ የለውም፣ ፀሐይ ብቻ ነው የሚሞቀው። ተክሉ በሳጥን ሳይሆን መሬቱ ላይ ነው የሚበቅለው። ኤን አር ሲ ኤስ ኢክዊፕ በሚባለው ፕሮግራም ለዚህ ይከፍላል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ወለድ ያለበት ነገር ለማይነኩ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ይህ ጥሩ በር ነው።

የክፍያው ልክ በስኩዌር ፊት ነው፤ በየስቴቱና በየዓመቱ ይለያያል። ፋርም ከጀመረ ከ10 ዓመት ያልበለጠው ሰው «ጀማሪ ገበሬ» ይባላል፤ የክፍያ መጠኑ ከሌላው ከፍ ይላል። ሥራው ሳይጀመር ቢያንስ ግማሹን ቀድሞ መውሰድም ይችላል። የቀረው ተሠርቶ ከታየ በኋላ ይለቀቃል። ቀድመሽ የወሰድሽውን በ90 ቀን ውስጥ ለዚያው ሥራ ማዋል አለብሽ። ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ። ነገር ግን በየዓመቱ የመለያ ቀን አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያስገባሽው ወደሚቀጥለው ዙር ይሄዳል። ማመልከቻዎቹ ተወዳድረው ነጥብ ይሰጣቸዋል። ባለሙያዋ መሬቴን ልታይ ስትመጣ «ሰብልህን ከወቅቱ ውጭ ማምረት ለምን ፈለግህ?» አለችኝ። ስለ ሁዳዴ ነገርኳት። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የማይበላ ሕዝብ እንዳለ፣ ጎመን የዕለት ምግቡ እንደሆነ። ሁሉንም ጻፈችው። ስለዚህ ስለ ገበያችሁ ስትጠየቂ አሳጥረሽ አትለፊው።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። አንደኛውን ተነል በቅናሽ ገዝቼ፣ የጎን ምሰሶዎቹን መሬት ውስጥ ከቀበርኩ በኋላ ነው ያመለከትኩት። ሥራው መጀመሩ ጥሩ ምልክት ይሆንልኛል ብዬ ነበር። ባለሙያዋ ምሰሶዎቹን አይታ ዝም አለች። ከዚያ ውል ከመፈረሙ በፊት ለተጀመረ ሥራ መክፈል እንደማይቻል በትሕትና ነገረችኝ። ሙሉ ወጪውን ከኪሴ ሸፈንኩ። ያን ክረምት በሌሊት ታክሲ የነዳሁት ለእሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛውን በኢክዊፕ ሠራሁ። ውሉ በእጄ እስኪገባ አንድ ጉድጓድ አልቆፈርኩም። እህቴ፣ እባክሽን እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ከጽሑፌ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

ብድሩን በአጭሩ ልንገርሽ። ኤፍ ኤስ ኤ ማይክሮሎን የሚባል አለው፤ ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው። ለሥራ ማስኬጃ እስከ 50 ሺህ ዶላር ይደርሳል። እንደምትወስጂበት ዓላማ እስከ 7 ዓመት ድረስ ይከፈላል። ለዘር፣ ለአጥር፣ ለጠብታ መስኖ፣ ለፍየል መግዣ፣ ለያገለገለ ትራክተር ይሆናል። ልምድ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ሌላ ትንሽ ንግድ ማስተዳደርሽ ወይም ልምድ ካለው ገበሬ ሥር መማርሽ ሊቆጠርልሽ ይችላል። የክሬዲት ታሪክ የለኝም ብለሽም አትቅሪ፤ ታሪክ አለመኖሩ ብቻውን አያስጥልም። እኔ 18 ሺህ ነበር የወሰድኩት። የፈተነኝ የገቢና ወጪ ዕቅዱ ነው። «ስንት እስር ጎመን፣ ለማን፣ በስንት?» ይሉሻል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ሦስት ምግብ ቤትና ሱቅ አነጋግሪ፤ ዋጋቸውን ጻፊ። በቃል ከማስረዳት ያ ወረቀት ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተቴ የበረዶው ነው። እንደ እኛ ዓይነት አትክልት ብዙውን ጊዜ መደበኛ የሰብል ኢንሹራንስ አያገኝም። ለዚህ ናፕ የሚባል አለ፤ እሱም ኤፍ ኤስ ኤ ዘንድ ነው። መነሻው ሽፋን ከሚጠበቀው ምርት ከግማሽ በላይ ሲጠፋ፣ ከግማሹ በላይ ለጠፋው ብቻ በአማካይ የገበያ ዋጋው 55 በመቶ ይከፍላል። የመመዝገቢያ ክፍያ አለው፤ ጀማሪ ገበሬ ግን የማረጋገጫ ፎርሙን ሲሞላ ይነሳለታል። ለየሰብሉ የመመዝገቢያ ቀን አለው፤ ሳትተክሉ በፊት ነው መጠየቅ። ከተከላችሁ በኋላም ምን ያህል እንደተከላችሁ በቀኑ ታስመዘግባላችሁ። እኔ ይህን ሁሉ አሟልቼ ነበር። በሰኔ አንድ ከሰዓት ለሃያ ደቂቃ ያህል በረዶ ወረደ። ቃሪያው ቅጠሉ ተበጣጥሶ፣ ፍሬው በጥይት እንደተመታ ተበሳስቶ ቆመ። ደንግጬ የተረፈውን ስለቅም፣ ደንበኛ ስለምን ዘጠኝ ቀን አለፈ። ከዚያ ደወልኩ። በእጅ ለሚለቀም ሰብል ጉዳቱን ማሳወቅ ያለብሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ለሌላው ሰብል 15 ቀን ነው፤ ለእኔ ግን አልሠራም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፣ ደውሉ። ማሳውንም ሳያዩት አትገልብጡት።

ለፍየሎቹ ኤል አይ ፒ አለ። ከልክ ያለፈ የአየር ሁኔታ ከተለመደው የሞት መጠን በላይ ከብት ከገደለ የገበያ ዋጋውን 75 በመቶ ይከፍላል። ተራ በሽታን አይሸፍንም። የጎረቤት ውሻ ወይም ኮዮቴ የበላውንም አይሸፍንም፤ ስለዚህ አጥሩ ላይ አትሰስቱ። ስንት ፍየል እንደነበራችሁ ማስረዳት የሚቻለው በወረቀት ነው። ግዢውን፣ የተወለዱትን ግልገሎች፣ የሸጣችሁትን መዝግቡ። ሥጋ መሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ መታረድ ያለበት ኢንስፔክሽን ባለበት ቄራ ነው። ለፋሲካ ሰው ከነነፍሱ ሊገዛችሁ ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን የስቴታችሁን ሕግ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ብዙዎቻችን የምንረሳው የኤክስቴንሽን ቢሮዎችን ነው። አገር ቤት የልማት ሠራተኛ እንደምንለው ናቸው፤ በየካውንቲው አሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቨርጂኒያ ቴክና ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አብረው ያካሂዱታል። የአፈር ምርመራ፣ የተባይ ጉዳይ፣ የትንሽ ፍየል እርባታ ትምህርት እዚያ ታገኛላችሁ። መሬቱን ሳትፈርሙ አፈሩን አስመርምሩ። ገበያ ላይ ስትሸጡ ደግሞ የዊክ (ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ) እናቶችና የአረጋውያን የገበሬ ገበያ ኩፖን ለመቀበል በስቴቱ በኩል ተመዝገቡ። ጎመን የሚወዱት የእኛ እናቶች ብቻ አይደሉም።

ታክስ ስታሠሩ የፋርሙ ገቢና ወጪ ስኬጁል ኤፍ ላይ ይግባ። ሐበሻ አካውንታንታችሁ ሱቅና ታክሲ ብቻ ከለመደ አስታውሱት። ቢሮው «እስካሁን ገበሬ ነበርሽ?» ሲልሽ ከሚያያቸው ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው።

የኪራይ ውሉን ገና ካልፈረማችሁ ስሙን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ ከእኔው ጋር አስተያየዋለሁ። የተነል ማመልከቻዬንም ቅጂ አሳይሻለሁ። ፍየሎቹን ግን እስከ ጸደይ አትግዙ፤ አጥሩ ይቅደም።