«ሁሉ ሰላም ነው» ያለኝ አባቴ

ጥያቄ፦ ያደግሁት ፍኖተ ሰላም አጠገብ ገጠር ነው፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በየእሑዱ ስደውል አባዬ «ሁሉ ሰላም ነው» ይለኛል። ለካ የሰባት ወር እርጉዝ ሳለሁ ያሳደገችኝ አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ ሞታ ኖሯል። ለልጄ ክርስትና እንኳ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጥቶ ሲስቅ ነበር። ባለፈው ወር ሰርግ ላይ ያገኘሁት ያገሬ ሰው «እግዜር ያጽናሽ» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ የአባዬን ስልክ አላነሳም። ባለቤቴ ከሥራ መቀነሱንም አልነገርኩትም። ለምን ልንገረው?

መልስ፦ እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ።

አገርሽ ላይ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ ደጅ ይመጣል። ስትወድቂ የሚይዝሽ፣ አብሮሽ የሚያለቅስ ሰው አለ። እርጉዝ ደግሞ አትረዳም፤ ለጽንሱ ይፈራል። ታዲያ አባትሽ ስልክ ጆሯቸው ላይ ደግነው ምን ይበሉሽ? አጠገብሽ ማን እንዳለ እንኳ አያዩም። እስክትወልጂ በመጠበቃቸው አልፈርድባቸውም።

ክርስትናው ላይ ግን እፈርድባቸዋለሁ። ወልደሻል፣ ዘመድ ከቦሻል፣ እሳቸውም አጠገብሽ ናቸው። በማግስቱ ሊያረዱሽ ይችሉ ነበር። መርዶን ሰርግ ቤት መስማት ያማል፤ ብትከፊ እውነትሽን ነው።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር አጣሁበት። የሞቱት የአባትሽ እናት ናቸው። ያን ነጭ ጋቢ የለበሱት ሐዘንተኛ ሆነው ነው። ሰውየው ጥቁሩን ቤታቸው አውልቀው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊስሙ መጡ። ቀኑን ሙሉ ሳቁልሽ። አንቺም እስከ ዛሬ «እግዜር ያጽናህ» አላልሻቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ኮይንና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የልብ ሕመም የደረሰባቸውን ባሎችና ሚስቶቻቸውን አጥንተው ነበር። ባሌ እንዳይረበሽ ብለው ጭንቀታቸውን የሚደብቁት ሚስቶች ራሳቸው ይበልጥ ሲጨነቁ ተገኙ። መደበቅ ደባቂውንም ይበላል። አንቺስ? የባለቤትሽን ነገር የዋጥሽው ብድር ለመመለስ ብቻ አይመስለኝም። ሽማግሌው እንዳይጨነቁም ብለሽ ነው።

ስለዚህ ደውዪ። ወቀሳውን አታስቀድሚ። «አባዬ፣ የእምዬን ሰማሁ፤ እግዜር ያጽናህ» በይና ዝም በይ። ምናልባት ያስላሉ። ምናልባት «ቆይ፣ ላሞቹ ገቡ» ብለው ይዘጉታል። መልሰሽ ደውዪ። መከፋትሽን የምትነግሪያቸው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱ ሲመች ሕፃኗን ይዘሽ ሂጂ፤ መቃብሩ ጋ አልቅሺ። አርባው አለፈ ብለሽ አትፈሪ፣ ያገርሽ ሰው አብሮሽ ያለቅሳል። «ምንም አትደብቀኝ» ግን አትበያቸው፤ አይሆንላቸውም። ይልቅ «ከባድ ነገር ሲመጣ ለባለቤቴ ደውልለት፤ እሱ ሰው ሰብስቦ ያረዳኛል» ብትያቸው የሚያውቁት ወግ ስለሆነ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አራስነቱ ገና ሩቅ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም ልጅሽን ማቀፍ ከከበደሽ ጤና ተቋም ሂጂ።

ስትደውዪ አባትሽ «ባለቤትሽስ ደህና ነው?» ማለታቸው አይቀርም። «ሁሉ ሰላም ነው» የሚለው አፍሽ ላይ ይመጣል። እሱን ዋጥ አድርጊና ከሥራ መቀነሱን ንገሪያቸው።