ስድስት መብራት ለአምስት ሜትር ኮሪደር?

ሰላም ጋሼ፣

የምኖረው ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ኮሪደራችን አምስት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ ግን 110 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መስኮት የለውም። የመኝታ ቤቶቹ በር ከተዘጋ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ይጨልማል። ሰሞኑን ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ስንል ባለቤቴ ከመርካቶ ስድስት የግድግዳ መብራት ገዝቶ ከች አለ። ወርቃማ ናቸው፣ ክሪስታል ተንጠልጥሎባቸዋል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ያበራሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ሦስት ሦስት አድርገን ፊት ለፊት እንግጠማቸው ይላል። እኔ ኮሪደሩ የሠርግ አዳራሽ እንዳይመስል ፈርቻለሁ። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ሌሊት ለመጸዳጃ ስትነሳ ግድግዳ እየዳበሰች ትሄዳለች። ስንት ይበቃናል? ቁመቱስ የት ጋ ይሁን? ነጭ ይሻላል ቢጫ?

ግራ የገባኝ፣ ከሰሚት

እህቴ፣

ሁለት ይበቃል፤ እሱም በአንድ በኩል ብቻ። እንዲህ ዓይነት መብራት ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ፊት ለፊት ከተገጠሙ 110 የነበረው መተላለፊያ 80 ይቀራል። ፍራሽ ወይም ቁም ሳጥን ሲወጣ መጀመሪያ የሚረግፈው ክሪስታሉ ነው። የእናትሽ ነጠላም መጠለፉ አይቀርም። ከግድግዳው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የማይወጣ፣ አምፖሉ ወተት በሚመስል መስታወት የተሸፈነ ፈልጊ። ባለቤትሽ የገዛቸውን ሱቁ አልቀይርም ካለ ሁለቱን አልጋችሁ ግራና ቀኝ ስቀሏቸው። እዚያ ያምራሉ፤ እሱንም ቅር አይለውም።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚያበራ መብራት ሌላም ጣጣ አለው። ብርሃኑ ግድግዳውን ታክኮ ስለሚያልፍ የልስኑን እብጠት፣ የስቱኮውን ጭረት አንድ በአንድ ያወጣዋል። ቀን ለጥ ያለ የሚመስለው ግድግዳ ማታ ሌላ ነው። ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፊና የስልክሽን ባትሪ ከግድግዳው ጋር አስጠግተሽ ወደ ላይ አብሪው። የኮንዶሚኒየም ልስን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ የምታዪውን አይተሽ ወስኚ።

ቦታውን በተመለከተ፣ አንዱ ከዚህኛው ጫፍ 1.25 ሜትር ገባ ይበል፤ ሌላው ከወዲያኛው ጫፍ በዚያው ልክ። መሀላቸው 2.5 ሜትር ይሆናል። በር ከገጠመሽ ወደ መጸዳጃው በኩል ሸሸት አድርጊው። ቁመቱ ከወለሉ እስከ መብራቱ መሀል 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ደህና ነው። ይህን ግን እንዳለ አትቀበዪኝ። ግድግዳው ከመቦርቦሩ በፊት አንድ ሰው የበራውን መብራት ግድግዳው ላይ ይያዝላችሁ። አንቺም እናትሽም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱ። ዓይናችሁን ከወጋው ከፍ ወይም ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ፣ የተመቻችሁ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ቀለሙ ቢጫ ይሁን። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን እዪ። ሱቅ ውስጥ ደምቆ የሚማርክሽ ነጩ፣ 6500 የሚለው ነው፤ ከእንቅልፉ ለነቃ ሰው ግን ይከብዳል። ለእያንዳንዱ 5 ዋት ኤልኢዲ ይበቃል። በድሮው አጠራር የ40 ሻማ አምፖል ያህል ያበራል።

ለእናትሽ ከመብራቱ ይልቅ ማብሪያ ማጥፊያው ይበልጣል። ከሁለቱም ጫፍ የሚሠራ፣ ቱ ዌይ የሚሉትን አስገጥሚ። ከመኝታ ቤታቸው በር ላይ አብርተው መጸዳጃው ጋ ሲደርሱ ያጠፉታል፣ ሲመለሱም እንደዚያው። ከሁለቱ አምፖሎች አንዱን ባትሪ ያለው አድርጊው፤ መብራት ሄዶም ማብሪያው ሲጫን ይበራል። ባትሪው የሚሞላው ግን መብራት ኖሮ አምፖሉ ሲበራ ብቻ ስለሆነ ማታ ማታ ይብራ።

ቱ ዌዩ ተጨማሪ ሽቦ ስለሚፈልግ ቁፋሮው አሁን አንድ ላይ ይለቅ። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን በኮንዲዩት፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማለት ነው፣ ያሳልፍ፤ ሲቦረቡርም ኮለኑን፣ የሕንፃውን ተሸካሚ ምሰሶ፣ እንዳይነካ፤ መብራቱ ብረት ከሆነም የኧርዝ ሽቦውን፣ ብረቱ ኤሌክትሪክ ቢይዝ ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ ሳያገናኝ አይሂድ። ከዚያ ስቱኮ ይደፈናል፣ ይደርቃል፣ ይሞረዳል። ቀለም ቀቢውን የቀጠርሽው ለዚህ ሳምንት ከሆነ ደውለሽ ወደሚቀጥለው አዙሪው።